የፍሪሜሶኖች ሽርጥና የተገለጠው ምሥጢር

ስለ ፍሪሜሶኖች ሲነሣ ሁሉም ምሥጢራቸውን ይጠይቃል፤ እኔ ከሽርጣቸው ልጀምር። ነጩ የበግ ቆዳ ሽርጥ፣ ስኳድራውና ኮምፓሱ ከድንጋይ ጠራቢዎች ሙያ የተወሰዱ ናቸው፤ ስኳድራው ቅንነትን፣ ኮምፓሱ ራስን መግዛትን ያመለክታል። ማዕረጎቹ ተለማማጅ፣ የሙያ ባልደረባና ሊቀ ግንበኛ ይባላሉ። በአፈ ታሪካቸው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዋና ግንበኛ ሂራም ምሥጢር አላወጣም ብሎ ተገድሏል፤ ወደ ሦስተኛው ማዕረግ የሚገባ ሰው ይህን ሞት በትዕይንት ይሞታል።

ይሁንና ሳሙኤል ፕሪቻርድ ይህን ሥርዓት ገና በ1730 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ አሳትሞታል። ታዲያ ማንም ገዝቶ ያነበበውን ዛሬም የሚደብቁት ለምንድን ነው? እንደ እኔ ግንዛቤ፣ ዝምታው የቃል ኪዳን ልምምድ ነው፤ ትንሹን ቃል የጠበቀ ለትልቁ ይታመናል።