ቴስታታ በክንድ ግምት ሲታሰር

እሷ፦ ጋሼ፣ ከሐዋሳ ወደ ሀገረ ሰላም ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ግሎ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተቃጠለበት ሰው አዲስ ያስገባል፤ በወሩ ደግሞ መኪናው ውሃ ይጨርሳል። ችግሩ ከዕቃው ነው ይላሉ?

እሱ፦ ዕቃው ላይ አትፍረጂ። አንዳንዱ መካኒክ የቴስታታውን ቡሎን በክንዱ ግምት ያስራል፣ ያውም ከዳር ጀምሮ። ቴስታታ ከመሃል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ነው የሚጠብቀው።

እሷ፦ ቶርክ ሬንች ካለ ይበቃል?

እሱ፦ ለመጀመሪያው ዙር። የኮሮላውን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ውሰጂ፦ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ማዞር፣ እንደገና 90። የቡሎኑ ጥርስ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ ካቆረ ግን ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

እሷ፦ አሮጌው ቡሎንስ?

እሱ፦ ቡሎን ተለጥጦ ነው ቴስታታውን የሚይዘው፤ ከልኩ በላይ የረዘመ ይጣላል። ጓርኒሲዮን ገዝቶ ለቡሎን የሚሳሳ ሰው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይገርመኛል።