ካታሎግ ምስክር ይሆናልን?



ከአዘዞ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውሃን፣ ነባሮቹ ሸህዲ የሚሏትን ከተማ፣ አቋርጦ ያልፋል። የሰሊጥና የጥጥ ምርት በሚጓጓዝበት ወራት በዚህ መንገድ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ብዙ ነው፤ መኪና በበዛበትም ስፍራ ስለ መኪና የሚወራው ይበዛል። «ይህ ኤንትሬ ለበረሃ ተብሎ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ እንደ ሌሎቹ አይደለም» የሚል ሻጭ ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም። ገዢው የዓመት ሰሊጡን ሸጦ ገንዘቡን በእጁ የያዘ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ስለ ልዩ ትእዛዝ አንዳች አይናገርም። መካኒኩ «እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ» ይላል። በመጨረሻ ነገሩ መሐንዲሱ ዘንድ ይደርስና «መርምረህ ፈርምልን» ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ሠርቶታል ተብሎ የሚወራ ነገር በእርግጥ መሠራቱ ወይም አለመሠራቱ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ በብዙ ገንዘብ፣ በብዙ ትዕግሥትና በብዙ ጠብ የተመረመረው በአሜሪካ «መስል ካር» በሚባሉት መኪናዎች ዙሪያ ነው። እነዚህ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተራው ገዢ ታስበው ግዙፍ ሞተር የገባባቸው መኪናዎች ናቸው። የሀብታም ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር አልተሳሳተም፤ ዳሩ ግን በዚህ ጨዋታ የዳበረው የምርመራ ዘዴ ጨዋታ አይደለም።

የመጀመሪያው ምሳሌ ከሼቭሮሌ ፋብሪካ ነው። ለ1970 በተዘጋጁት ቀደምት የሽያጭ ጽሑፎች ውስጥ ኮርቬት ለተባለችው መኪና ኤልኤስ7 የሚባል 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተመዝግቦ ነበር፤ የተነገረለትም ጉልበት 460 የፈረስ ጉልበት ነው። ጽሑፉ አለ፤ ቁጥሩ አለ። ሆኖም ይህ ሞተር በፋብሪካ ተገጥሞለት ለሕዝብ የተሸጠ የ1970 ኮርቬት የለም፤ የምርቱ መዝገብ ዜሮ ነው። «ቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» ይባላል፤ ነገር ግን የተጻፈውም ሐሳብ ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ ይታያል። የሽያጭ ጽሑፍ ፋብሪካው ሊያደርግ ያሰበውን እንጂ ያደረገውን አይመሰክርም። የሚታተመው መኪናው ከመሠራቱ በፊት ነውና።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ይኸው ሞተር በኋላ በመለዋወጫ መደብር በኩል ለብቻው መሸጡ ነው። ስለዚህ ኤልኤስ7 የተገጠመለት አሮጌ ኮርቬት ቢገኝ ምንም አይደንቅም። ባለቤቱ ራሱ፣ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ገዝቶ ያስገባው ሊሆን ይችላል። ዕቃው እውነተኛ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ መኪናውም እንዲሁ፤ ሐሰቱ ሁለቱ አብረው ከፋብሪካ ወጡ በሚለው ቃል ላይ ነው። «ይኸው ዓይንህ እያየው» የሚለው ክርክር ብዙዎችን ያሳተው በዚህ ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። በ1969 ካማሮ የተባለች መኪና፣ ሞኖብሎኩም ቴስታታውም ከአሉሚኒየም የሆነ፣ ዜድኤል1 የተባለ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተገጥሞላት ወጣች። ተራው ገዢ በሚያገኘው ካታሎግ ውስጥ ይህ አልነበረም። የታዘዘው የብዙ መኪና ገዢዎች፣ ለምሳሌ የታክሲ ድርጅቶችና የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች፣ ለየት ያለ ነገር ሲፈልጉ በሚገለገሉበት የማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት የትእዛዝ መንገድ ሲሆን የትእዛዙ ቁጥር 9560 ነበር። በኢሊኖይ ግዛት ላ ሃርፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ፍሬድ ጊብ የተባለ ነጋዴ 50 መኪና አዘዘ፤ ምክንያቱም በውድድር ደንብ እንዲህ ያለ መኪና ለመግባት 50 መሠራት ነበረበት። በድምሩ 69 ተሠሩ። ሂሳቡ ሲመጣ የሞተሩ ዋጋ ብቻ ከ4,000 ዶላር በላይ፣ መኪናው ደግሞ ከ7,000 በላይ ሆነ፤ ሰውዬውም ሊሸጣቸው ስላልቻለ አብዛኞቹን ፋብሪካው መልሶ ለሌሎች ነጋዴዎች አከፋፈላቸው። ያን ጊዜ ገዢ ያጡት መኪናዎች ዛሬ በጨረታ የሚያወጡት ዋጋ ሲታይ ነጋዴው ምን ያህል እንደ ተጸጸተ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ በካታሎግ የነበረው አልተሠራም፤ በካታሎግ ያልነበረው ተሠርቷል። ካታሎግ ለብቻው ሲቆም ለማስረዳትም ለማስተባበልም እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ታዲያ ምን ይበቃል? መርማሪው የሚጀምረው ከብረቱ ነው። የዚያ ዘመን የሼቭሮሌ ሻንሲ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ በ1969 ካማሮ ላይ መኪናው ባለ ስድስት ወይስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሆኖ እንደ ተወለደ ይገልጻል እንጂ የትኛው ስምንት እንደ ሆነ አይለይም። ስለዚህ ወደ ሞተሩ መሄድ ያስፈልጋል። በሞኖብሎኩ ላይ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ ብረቱ በቅርፅ የፈሰሰበት ቀን፣ ሞተሩ የተገጣጠመበት ቀንና ዓይነቱን የሚያሳይ ምልክት፣ እንዲሁም ከ1968 ወዲህ በስርቆት ምክንያት የተጨመረው የመኪናው ቁጥር ከፊል። ግዙፎቹ ሞተሮች በኒው ዮርክ ግዛት በቶናዋንዳ ይገጣጠሙ ስለ ነበር ምልክታቸው በዚያ ፋብሪካ የመጀመሪያ ፊደል ይጀምራል።

ከዚያ ቀኖቹ ይነጻጸራሉ። ብረቱ ሳይፈስ ሞተር አይገጣጠምም፤ ሞተሩ ሳይገጣጠም መኪናው ከመስመሩ አይወጣም። ሞኖብሎኩ የፈሰሰው በመጋቢት ሆኖ መኪናው የተሠራው በየካቲት ከሆነ ክርክሩ በዚሁ ያበቃል። ይህ ማንም የሚረዳው ቀላል ሥርዓት ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ውድ ሐሰት የተጋለጠው በዚህ ነው።

ሐሰተኛውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የድሮውን ቁጥር በሞረድ አጥፍቶ አዲስ ይመታል። እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ዓይን ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚመታበት ገጽ በፋብሪካ ሲስተካከል መቁረጫው አንድ አቅጣጫ የያዙ ቀጫጭን መስመሮችን ይተዋል። ሞረድ ወይም የሚሽከረከር ድንጋይ ያለፈበት ገጽ እነዚያን መስመሮች ያጣል፤ ወይም አቅጣጫቸው ይዛባል። የቁጥሩን ቅርፅ ማስመሰል ከባድ አይደለም፤ የገጹን ልብስ መመለስ ግን እጅግ ያስቸግራል።

ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል፤ ወረቀትም ሁሉ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚታመነው ሠራተኞቹ የትኛውን ዕቃ እንደሚገጥሙ ለማወቅ በመስመሩ ላይ ይመሩበት የነበረው ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት አንዳንድ ጊዜ በወንበር ሽቦ ውስጥ ወይም በነዳጅ ታንከሩ ላይ ተወሽቆ ከዓመታት በኋላ ይገኛል። ጻፊው ማንንም ለማሳመን አልጻፈውም፤ ክብሩም በዚህ ነው። የፋብሪካዎቹ መዝገብ አያያዝ ግን ይለያያል፤ የፎርድ የምርት መረጃ ከ1967 ጀምሮ፣ የፖንቲያክም ደረሰኞች ተጠብቀው ስለ ቆዩ አንድን መኪና በቁጥሩ መጠየቅ ይቻላል። የአሜሪካው ሼቭሮሌ ግን ለየመኪናው እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ አላቆየም፤ ወሬ በሼቭሮሌ ዙሪያ ከሌሎቹ ይልቅ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ገንዳ ውሃው ኤንትሬ እንመለስ። ፊያት 682 ኤን 3 በሀገራችን መንገድ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ፣ ብዙ እጅ የተለዋወጠ መኪና ነው። ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ካምቢዮውም እንዲሁ፤ ይህ ወንጀል አይደለም፣ የኑሮ ግዴታ ነው። መርማሪው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፤ ቁጥሩ የተመታበትን ገጽ አጽድቶ በብርሃን ያያል፤ በጉምሩክ ሰነድ ላይ ወደ ሀገር ሲገባ የተጻፈውን ይጠይቃል። የሻጩ ቃል፣ የሾፌሩ ትዝታና የጋራዡ ወሬ ወዴት መፈለግ እንደሚገባ ይጠቁማሉ፤ ከዚያ በላይ አይሄዱም።

የሚጽፈው ቃልም ሦስት ዓይነት ነው፤ «ተረጋግጧል»፣ «ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል»፣ «አልተረጋገጠም»። ሻጩም ገዢውም ሦስተኛውን አይወዱትም። አንዱ ዋጋ ይቀንስበታል፤ ሌላው «ታዲያ አንተን ለምን ጠየቅሁህ?» ይላል። መሐንዲሱ እነርሱን ለማስደሰት «አልተረጋገጠም»ን ወደ «የለም» ወይም ወደ «ሳይሆን አይቀርም» ቢለውጠው ፊርማው ከመካኒኩ «ሰምቻለሁ» በምንም አይሻልም።

ከ69ኙ ካማሮዎች መካከል ለውድድር ውለው የመጀመሪያ ሞተራቸውን ያጡ አሉ። ከእነዚህ የአንዱ ሰነድ ሙሉ ቢሆን፣ ሻንሲውም ያልተነካ ቢሆን፣ ነገር ግን በኮፋኖው ሥር ያለው ሞተር ሌላ ቢሆን፣ ጥንቁቅ መርማሪ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ «መኪናው ዜድኤል1 ሆኖ ተሠርቷል፤ አሁን ያለው ሞተር ያ አይደለም።» ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ዋጋውንም ለጨረታው ይተዋል።