አንድ ውሃ፣ ሁለት ሥራ

(ከዚህ በታች የምታነቡት የካምፓችን የውሃ ኮሚቴ በጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት የካምፑ ነዋሪ ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪዋ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በካርቱም፣ በዐማራት ሠፈር፣ በቤት ሠራተኝነት ይኖሩ ነበር። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ላይ አሳጥረነዋል።)



ስለ ውሃ ተናገሪ ስባል መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ውሃን የማውቀው በጀሪካን ተሸክሜው፣ በሳፋ አጥቤበት፣ በጣሳ ለክቼው ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ግን «እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ያየሁትንና የሠራሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ተረቱን በዓይኔ ያየሁት ካርቱም ነው። ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ከአገራችን የሄደው ውሃ በደጃፏ ያልፋል። ከሰማይ የምታገኘው ዝናብ ግን በዓመት ወደ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እንግዲህ ካርቱም ውስጥ የሚጠጣውም፣ የሚታጠብበትም፣ አትክልት የሚያጠጣውም ውሃ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ነው። ሞተሩ ከቆመ ወንዙ እየፈሰሰ ከተማው ይጠማል።

ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ ያለ ሠፈር ነው፤ መንገዶቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ከጦርነቱ በፊት ኤምባሲና የድርጅት ቢሮ የበዛበት ነበር። እኔ የምሠራበት ቤት ከፊቱ ሣር ነበረው። ማታ ማታ ጀናይኒው ሣሩን ያጠጣል፤ ቀጥሎ አቧራው እንዲተኛና ግቢው እንዲቀዘቅዝ መሬቱን በጎማ ይረጫል። ቆጣሪ የሚባል ነገር አልነበረንም። ክፍያው የወር ቁርጥ ስለሆነ አንድ ባልዲም ተጠቀሙ አንድ ሺህ ባልዲ ሒሳቡ ያው ነው። እኔም ያን ጊዜ ሰሐን ሳጥብ ቧንቧውን ከፍቼ ትቼው ነበር የማወራው።

ዓርብ ግን እረፍቴ ነው፤ ጓደኞቼ ወደ ተከራዩበት ወደ ዴም እሄዳለሁ። በእነሱ ግቢ ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ፣ በካሮ ነው፤ በርሜሉ በገንዘብ ይሞላል። እዚያ ስደርስ እጄ ራሱ ይለወጣል። የሲኒውን እጣቢ እንኳ ወስጄ ከበሩ አጠገብ ላለችው የሎሚ ችግኝ አፈስሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አባካኝ፣ ዓርብ ቆጣቢ! ጠባዬ አልነበረም የሚለወጠው። በአንደኛው ቤት ውሃው አይለካም፣ በሁለተኛው ይለካል፤ ልዩነቱ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከጀናይኒው ጋር ስለ ሣሩ ሒሳብ ሠራን። አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። በካርቱም የበጋ ፀሐይ እንዲህ ያለ ሣር በቀን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። የእኛ ሣር 50 ካሬ ሜትር ነበር። 350 ሊትር መጣ፤ በጀሪካን ከ17 ይበልጣል፤ በየቀኑ። በስደተኛ ካምፕ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይገባዋል ስለሚባል፣ ሣሩ የ17 ሰው ድርሻ ነበር የሚጠጣው። ጀናይኒው ሳቀና «እነዚህ 17 ሰዎች ግን ደመወዜን ይከፍሉኛል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ውሃ ብዙ በሆነበት ቦታ ይህ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። የሐረርጌ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ የሐረማያን ሐይቅ ይንገሯችሁ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚያጠጣ ሞተር በዛ፤ ከተሞቹ ጠጡ፤ ደለልም ገባበት፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደረቀ። ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ውሃ መጣላት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ሐይቁ ውሃ ተመልሷል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያ መሐል ያለቀው ዕድሜ የሰው ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ሲነሣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ነበር። ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ ተኩሱ በላያችን ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በካርቱም ባሕሪ ያለው ትልቁ የውሃ ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ። የእኛም ቧንቧ ነፋስ ብቻ ይተፋ ጀመር። የቤቱ ባለቤቶች ለዒድ ውጭ አገር ሄደው ነበር። በአካባቢው ይሠሩ የነበሩ የአገሬ ልጆች ወደ እኔ ተሰበሰቡ፤ አንዷ የአራት ወር ሕፃን ነበራት። ከሕፃኑ ጋር 9 ሆንን። ጣራው ላይ ያለው ታንከር 1,000 ሊትር ይይዛል፤ ሙሉ ነበር። ሌላ ውሃ አልነበረንም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ ቤት የሚወርደውን ዋናውን ቧንቧ መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ ከታንከሩ ውሃ የሚቀዳው በባልዲ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። በቀን 90 ሊትር ቆረጥን። ከዚህ ውስጥ 27 ለመጠጥ፣ 20 ለምግብና ለዕቃ፣ 27 ለእጅና ለገላ፣ 16 ለልብስ። ለሽንት ቤት ግን ንጹሕ ውሃ አንድ ጣሳ እንኳ አልመደብንም።

ታዲያ በምን ተለቀቀ ትሉ ይሆናል። በእጣቢ ነው። ገላችንን ሳፋ ውስጥ ቆመን ታጠብን፤ ሳፋው ውስጥ የቀረው ሁሉ ወደ ባልዲ ይገለበጣል። የልብሱም እጣቢ እንዲሁ። በቀን ወደ 40 ሊትር ይጠራቀም ነበር፤ አንድ ጊዜ ለመልቀቅ 5 ሊትር በኃይል ከተደፋ ስለሚበቃ፣ በቀን 8 ጊዜ ሆነ። ልብስ ስናጥብ ነጩ የታለቀለቀበት ውሃ ላይ ከለር ያለውን ዘፈዘፍን፤ እሱ ደግሞ ወለል ጠረገ፤ ወለል የጠረገው ሽንት ቤት ገባ። አንዱ ውሃ ሦስት አራት ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሕፃኑ ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ብቻ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ይሄድ ነበር።

አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ልናገረው። ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ የልብስ እጣቢ በበርሜል ከድኜ አስቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው እንደ ረግረግ ሸተተ፤ ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ መድፋትም ችግር ሆነ። እጣቢ አይቀመጥም። የዛሬው ዛሬ ማለቅ አለበት።

በዚህ ሁኔታ 11 ቀን ቆየን። በ12ኛው ቀን በመዳኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ ስንወጣ ከታንከሩ ሥር አንድ ባልዲ ያህል ቀርቶ ነበር። ከ9 ሰው አንድም ሰው ተቅማጥ አልያዘውም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። በ10 ሊትር መኖር እንደሚቻል ለማሳየትም አይደለም፤ እንዲያውም ስለዚህ ጉዳይ የምለው አለኝ።

ዩኤንኤችሲአር በካምፕ ለሚኖር ሰው በቀን 20 ሊትር እንዲደርስ ይላል። የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት «ስፊር» የተባለው መመሪያ ዝቅተኛው 15 ሊትር ነው ይላል። ከዚያ በታች የሚኬደው ለጥቂት ቀን፣ በጭንቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ቁጠባ ተምራችኋል፣ እጣቢም ትጠቀማላችሁ፣ እንግዲህ ትንሽ ይበቃችኋል» የሚል ሰው ቢመጣ መልሳችን አይሆንም ነው። እኛ የምንቆጥበው የሚሰጠን እንዲቀነስ አይደለም። የተሰጠን ለእጅ መታጠቢያ እንዲተርፍ ነው። ውሃ ሲያጥር ሰው መጀመሪያ የሚተወው እጁን መታጠብ ነው፤ መጨረሻ መተው ያለበትም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዚሁ በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ደግሞ ካርቱም ውስጥ በድሮን ጥቃት መብራት ጠፍቶ የውሃ ሞተሮች ሲቆሙ፣ ሰው ያገኘውን ውሃ ሲጠጣ፣ በሽታው በብዙ ሺህ ሰው ላይ ወረደ።

አንዳንዶቻችሁ «እጣቢ መልሶ መጠቀም ነውር ነው፣ የድህነት ምልክት ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። አገር ቤት እናቶቻችን መቼ እጣቢ ደፍተው ያውቃሉ? ለላም ይሰጡ አልነበረም? የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማውን ፍሳሽ አጣርታ ለመጠጥ ታውለዋለች፤ እሱ ግን የፋብሪካ ሥራ ነው፣ በሳፋ አይሞከርም። የእኛ እጣቢ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለዕቃም አይሆንም። ማጣራት ሞክሬ ጥርት ብሎልኛል የሚለኝን ሰው አልሰማም፤ ጥርት ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም።

ለአትክልት ግን ይሆናል፤ እዚህ ላይ የአገሩን አፈር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ የገዳሪፍ ምድር ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ እዚያው አንድ ቦታ በየቀኑ ከተደፋ ይተኛል፤ ዝንብና ትንኝ ይወልዳል። ቦታ እየቀያየሩ ጥቂት ጥቂት ማፍሰስ ነው። በዚያ ላይ ሳሙና፣ በተለይ ኦሞ፣ ጨው አለበት፤ መረሬን ያደርቀዋል፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ይጥላል። እኔ የመጀመሪያውን የሳሙና ውሃ ለወለልና ለሽንት ቤት አደርገዋለሁ፤ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ነው ለተክል የምሰጠው። የወጥ ድስት እጣቢ ቅባት ስላለው በጆንያ ወይም በጭድ ላይ ይለፍ፤ ጭዱን በሳምንት ቀይሩት።

የሚተከለው ደግሞ ኒም፣ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ሙዝ ይሁን። ፍሬው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ውሃው ሥሩ ላይ ብቻ የሚደርስ። ባምያም ስለሚበስል ያስኬዳል። ሰላጣ፣ ጅርጅር፣ ጥሬው የሚበላ ቅጠል በእጣቢ አይጠጣም። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ የተበከለ ውሃ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ስንት ጊዜ እንዳነጋገረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በመስጊዱ በኩል ያላችሁ ወንድሞች የውዱእ ውሃ ሳሙና የለበትም፤ ከሁሉ ይሻላል፤ አሁን ግን መንገድ ላይ ጭቃ ሆኖ ነው የሚቀረው። በትንሽ ቦይ ወደ ኒሞቹ ቢመራ ጥላው ለሁላችንም ነው።

ስለ ቦኖው ጥቂት ልበልና ልጨርስ። ቦኖው ሥር የሚፈሰው ውሃ ከየቤታችን እጣቢ ሁሉ ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ። ባለፈው ሳምንት የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ማታ ጀሪካን አስቀምጬ ጠዋት ግማሹ ሞልቶ አገኘሁት። ያ ቧንቧ የሚፈልገው ጎሚኒ ብቻ ነው። ጎሚኒ የመጠየቁ ሥራ የኮሚቴው ነው፤ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን እያየሁ ነው! ጀሪካን ሲሞላ ቧንቧውን ሳይዘጉ ተራ የሚቀያየሩ ልጆችም አሉ። ልጆቹን አትቆጡ፤ እኛን አይተው ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከቦኖው የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ እንቆፍራለን፤ ጫፉ ላይ ሙዝ እንተክላለን። አካፋ ከኮሚቴው ይመጣል። ጠጠር እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የተሰበረ እንስራ፣ ድስት፣ ምጣድ ያላችሁ ገሉን አትጣሉት፤ ይዛችሁ ኑ። ገላ ሳፋ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠቡ ማየት የምትፈልጉ እህቶች ደግሞ ከዚያ በኋላ እኔ ቤት ኑ፤ ቡና አለ፤ የሲኒው እጣቢ የት እንደሚሄድ አሁን ታውቃላችሁ።