የሞተር ኮምፒዩተር ሲለወጥ የቤንዚን ተን መያዣ እንዳይረሳ



ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፥ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ በጃናሞራ ወደምትገኘው ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ በመኪና የሄደ ሰው፥ ያ መንገድ የመኪናን ጉድለት ሁሉ ፈልጎ የሚያወጣ መርማሪ መሆኑን ያውቃል። በከተማ አስፋልት ላይ ተሰውሮ የሚኖር ሕመም በዚያ ዳገት ላይ ይገለጣል። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ከነዚሁ ስውር ሕመሞች ስለ አንዱ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ በአንዲት የቤንዚን መኪና ወደዚያው ተጉዤ ነበር። የመኪናይቱ ኮምፒዩተር ውሃ ገብቶበት ስለ ተበላሸ፥ ስሙን ማንሣት በማያስፈልገኝ ጋራዥ ከሌላ ዓይነት መኪና የተፈታ ኮምፒዩተር ተገጥሞላት ነበር። ሞተሯ ጎንደር ላይ ያለ እንከን ስለ ሠራ የርክክቡ ወረቀት ተፈረመ፤ ፈራሚውም እኔ ነበርሁ። ሳንቃበርን አልፈን ዳገቱ ሲበረታ ግን የቤንዚን ሽታ መኪናይቱን ሞላት። ጨነቅ ላይ ቆመን ስንወርድ አንድ ባልደረባችን ሲጋራ አውጥቶ ክብሪት ሊጭር ሲል ሾፌራችን እጁን ለቀም አድርጎ ያዘው። ያ ክብሪት ቢጫር ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበረ ለመገመት የተለየ ዕውቀት አያሻም።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ከመሠረቱ መነሣት ይሻላል። ቤንዚን ሞተር ቢጠፋም መትነኑን አያቆምም። ባለጋራዦች ሰልባትዮ በሚሉት የነዳጅ ጋን ውስጥ ተኑ ሲበዛ መውጫ ይፈልጋል። በቀድሞ መኪኖች ላይ እንዲያው ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃገን ስሚት የተባሉ ሊቅ፥ የሎስ አንጀለስን ከተማ የሚሸፍነው ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ የቤንዚን ተንና የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ የሚፈጠር መሆኑን አስረዱ። ከዚህም የተነሣ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1970፥ መላው አሜሪካም በ1971 እ.ኤ.አ. አዳዲስ መኪኖች ተናቸውን የሚይዙበት መሣሪያ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደዱ።

መሣሪያው የረቀቀ ቢመስልም አሠራሩ ቀላል ነው። ተኑ በቱቦ ተመርቶ በልዩ አሠራር የተዘጋጀ ከሰል ወደ ተሞላበት ዕቃ ይገባል፤ ከሰሉም ተኑን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሞቆ ጉዞ ሲጀመር ኮምፒዩተሩ በኤሌክትሪክ የምትሠራውን አንዲት ትንሽ ቫልቭ ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየዘጋ፥ የተያዘውን ተን ወደ ሞተሩ አስገብቶ ያስቃጥለዋል። ከጭሱ መውጫ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ የገባውን ትርፍ ነዳጅ ስለሚያመለክት፥ ኮምፒዩተሩ የሚረጨውን ቤንዚን በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ይህ ተን ሀብት ነው፤ የተገዛበት ገንዘብ አለና።

በእኛ መኪና ላይ የተገኘው ጉድለት ይኸው ነበር። ለአዲሱ ኮምፒዩተር የቫልቯ ሽቦ አልተቀጠለለትም፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደውም ቱቦ በብሎን ተደፍኗል። ከሰሉም እስኪጠግብ ከያዘ በኋላ የተረፈውን ወደ ውጭ መትፋት ጀመረ።

ታዲያ ጎንደር ላይ ስለ ምን አልታወቀም? መልሱ ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ 4,200 ሜትር ላይ ግን ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ በሰልባትዮው ውስጥ 10 ሊትር የነበረ አየርና ተን፥ ሙቀቱ ካልተለወጠ፥ እዚያ ላይ 13 ሊትር ቦታ ይሻል። ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚኑም አብልጦ ይተናል። የጠገበ ከሰል ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይተን፥ ይህ ጭንቀት የናፍጣ መኪናን አይመለከትም።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ሲለወጥ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ ከመግዛት በፊት የአሮጌውና የአዲሱ ቁጥር ይመሳከር፤ ቫልቯን የሚያዝዝ መስመር ያለው መሆኑም ከሽቦው ሥዕል ይረጋገጥ። ሁለተኛ፥ መስመር የለውም ተብሎ ቱቦው ይደፈን ወይም ያለ ቫልቭ በቀጥታ ከማኒፎልድ ጋር ይገናኝ የሚለውን ምክር አትቀበሉ፤ መደፈኑ ተኑን ወደ ውጭ ይሰድዳል፥ በቀጥታ መገናኘቱም ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ያንገጫግጨዋል። የሚስማማ ኮምፒዩተር መፈለግ ወይም ሞተሩ ሲሞቅና ሲጓዝ ብቻ ቫልቯን የሚከፍት ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ ማስገጠም ይገባል። ሦስተኛ፥ መካኒኩ ቫልቯን በፊታችሁ ይፈትናት፤ ኤሌክትሪክ ሳታገኝ አየር ማሳለፍ የለባትም፥ 12 ቮልት ስታገኝ ግን ቀጭ ብላ መክፈት አለባት። አራተኛ፥ ፈሳሽ ቤንዚን የገባበት የከሰል ዕቃ ይለወጥ፤ የሰልባትዮው ክዳን ጎማም ይታይ። በማደያ ቀጂው ራሱ ሲያቆም ትንሽ ይጨመር አትበሉ፤ ትርፉ ወደ ከሰሉ ይገባልና። የቼክ ኢንጂን መብራት ቢበራም ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ አምፖሉ አይፈታ። ከሁሉም በላይ ተን የሚያፈስሰውን ቦታ በክብሪት ብርሃን መፈለግ ፈጽሞ አይገባም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያሉት በጥገና ብዙ ዘመን ማገልገላቸው አይቀርም። የኮምፒዩተር መለወጥም እየበዛ ይሄዳል። መኪናችን የምታድረው በተዘጋ ግቢ፥ ልጆች በተኙበት መስኮት ሥር፥ የከሰል ምድጃ በሚቀጣጠልበት ደጅ ነው። ሞተሩ ስለ ተነሣ ብቻ ጥገናው አልተፈጸመም። እኔ የፈረምሁት ሞተሩን ሰምቼ እንጂ ቱቦውን አይቼ አልነበረም፤ እናንተ ግን ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ቦኖውን አስከፍታችሁ፥ የከሰሉ ዕቃና ቫልቯ በሽቦና በቱቦ በሚገባ መገናኘታቸውን ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላልና ያገራችን ሰው።