ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም




የጎግ ገበሬ ኑሮ ከጊሎ ወንዝ ጋር የተሳሰረ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ዓሣ ይጠመዳል፤ የእጅ ፓምፕ በሌለበትም ይጠጣል። ውኃ ሲደፈርስ ወይም ሲሸት ቀድመው የሚያውቁት እናቶች ናቸው። እርሳስ፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ (ባዜቃ) የመሳሰሉት ከባድ ብረቶች ግን በዓይን አይታዩም፤ አይሸቱም፤ በምላስም አይለዩም። ውኃውን ማፍላት አያስወግዳቸውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስም ሆነ ለአርሴኒክ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ 10 ማይክሮግራም ነው። ይህም ማለት 1 ግራም እርሳስ 5,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ወሰኑ ላይ ያደርሳል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ጉዳዩ ጎግን ለምን ይመለከታል? በአጎራባቹ ዲማ ወረዳ ወርቅ በባህላዊ መንገድ ይወጣል። በብዙ አገሮች አነስተኛ ወርቅ አውጪዎች ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት ሜርኩሪ ይጠቀማሉ። የወርቅ ሥራ ሊስፋፋ በሚችልበት አካባቢ የሚኖር ገበሬ የውኃውን የዛሬ ሁኔታ መዝግቦ መያዝ ይጠቅመዋል። በጉጂ ዞን ለገ ደንቢ የአካባቢው ሕዝብ ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተቃውሞ በማንሣቱ የወርቅ ማምረቻው ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ታግዶ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ የተያዘ መዝገብ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ምርመራ የግድ ትልቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ባንግላዴሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶችን በእጅ በሚያዝ የአርሴኒክ መመርመሪያ ፈትሻለች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውኃው በትንሽ ጠርሙስ ይቀዳል፤ የዱቄት ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ከክዳኑ ሥር ያለው ወረቀት በሚወጣው ጋዝ ቀለሙን ይለውጣል፤ ቀለሙም ከሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። መርዙ የበዛበት ጉድጓድ ቀይ፣ የተሻለው አረንጓዴ ተቀባ። ማንበብ የማይችለውም የት እንደሚቀዳ አወቀ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ወንፊት እንጂ ዳኛ አይደለም። ውጤቱ ወሰኑ አጠገብ ሲሆን ዓይን ይሳሳታል። ብዙዎቹ ርካሽ ወረቀቶች ደግሞ እስከ 10 ማይክሮግራም ዝቅ ብለው ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ንባብ ማየት ያስፈልጋል። ሜርኩሪ በውኃው ውስጥ ባይገኝም በወንዙ ደለልና በትልልቅ ዓሦች ሥጋ ሊከማች ይችላል፤ «ወረቀቱ ቀለም አልለወጠም» ማለት «ዓሣው ደኅና ነው» ማለት አይደለም። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትንም ይህ መሣሪያ አይለይም፤ የመድኃኒት ጀሪካን አጥቦ ውኃ መቅጃ ማድረግ ዛሬም አደገኛ ነው።

ታዲያ ማኅበራት ምን ያድርጉ? መሣሪያ ለእያንዳንዱ አባል መግዛት አያስፈልግም፤ በዩኒየን ደረጃ ተገዝቶ በዙር ሊያገለግል ይችላል። ከየማኅበሩ ሁለት ሰዎች፣ በተለይም ውኃ የሚቀዱት ሴቶች፣ ይሠልጥኑ። እያንዳንዱ ጉድጓድና የወንዝ መቅጃ ቁጥር ይሰጠው፤ በበጋ አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላም አንድ ጊዜ ይመርመር። የአርሴኒክ ምርመራ ከቤት ውጭ ይደረግ፤ ያገለገለው ወረቀትና ኬሚካል ወደ ወንዝ አይጣል። ጥርጣሬ ያስነሣው ናሙና በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተቀዳበት ቦታና ቀን ተጽፎበት፣ በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

የአመራሩም ድርሻ አለ። ጉድጓድ «አይጠጣ» ሲባል ሌላ መቅጃ ካልተዘጋጀ እናት ተመልሳ ወደዚያው ትሄዳለች። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት መጥፎ ውጤት ቢገኝ ውኃ ከየት እንደሚመጣ መወሰን አለበት።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርሆች አንዱ ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ማኅበር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ መግዛት ከቻለ ልጆቹ የሚጠጡትንም በጋራ ማወቅ አያቅተውም።