ስለ ሽጉጥ ጥይት ሽያጭና ስለ መንግሥት ቁጥጥር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የመረጥነው ርእስ ለጆሮ ደስ የሚል አይደለም። ስለ ጥይት መናገር የወታደርና የፖሊስ ሥራ ነው የሚል ሰው በመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የተማሪም ጉዳይ ነው እንላለን፤ ለምን እንደምንልም በንግግራችን ሂደት ይታያል።

አገሩ ሁሉ አምቦን የሚያውቃት በውሃዋ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። ይሁን እንጂ ከዚችው ከተማ አጠገብ በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተቋቋመ ሆሚቾ የተባለ የጥይት ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. በተመሠረተው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃሎ እንደነበረም የታወቀ ነው። እንግዲህ ጠርሙስ ውሃና ጥይት ከአንድ ሰፈር ይወጣሉ ማለት ነው። ውሃው በየትኛው መኪና ተጭኖ፣ ለየትኛው ነጋዴ ተሰጥቶ፣ በስንት እንደሚሸጥ ማንም ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ስለ ጥይት ግን የሚጠይቅ የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና እኛም ነገሩን ከሥሩ ልንጠይቅ ተነሥተናል።

የምንለው ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት የሽጉጥ ጥይት ሽያጭን መቆጣጠሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥጥሩ ከመንግሥቱ ከራሱ መጋዘን ካልጀመረ፣ በገበሬው ዝናር ላይ ብቻ የሚያርፍ ቅጣት ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በጌዶ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ሽጉጥ ነበራቸው። ሽጉጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብዙ ዓመት ከሳጥን ሥር ኖረ። ጥይት ስላልነበረው የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ ማስታወሻ እንጂ እንደ መሣሪያ አይቆጥረውም ነበር። ከጎረቤታቸው ጋር የማሳ ድንበር ጠብ በተነሣ ጊዜ ግን አጎት አንዲት ጊደር ሸጡና በገበያ ቀን ከአንድ ሰው ስድስት ፍሬ ጥይት ገዙ። ሻጩ ስማቸውን አልጠየቀም፤ ፈቃድ አለዎት ወይ አላለም፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለ። ወሬው በሰፈሩ ተሰማ። ጎረቤትየውም በበኩሉ ጥይት ፍለጋ ወጣ። ሁለቱ ቤቶች ማታ ማታ በር ቆልፈው መተኛት ጀመሩ።

በመጨረሻ የአገር ሽማግሎች ገቡበት። ድንበሩ ከመለካቱ በፊት ታላቁ ሽማግሌ፣ «ሽጉጡ የአባትህ ነው፤ ይዘኸው ኑር። ስድስቱን ፍሬ ግን ከዚህ አምጣ» አሉ። ጎረቤትየውም የእሱን እንዲያመጣ ታዘዘ። ጥይቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ለሽማግሌው ተሰጠ፤ ክርክሩም ከዚያ በኋላ በቃል ብቻ ሆነ። ነፍስ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ጉማው ከስንት ከብት በላይ በሆነ፣ ስንት ዓመትስ በቂም በታለፈ ነበር!

እኚህ ሽማግሌ ሕግ አልተማሩም፤ የነገሩን ሥር ግን አገኙት። ሽጉጥ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በጣራና በእህል ጎተራ ይደበቃል። ጥይት ግን አንድ ጊዜ ተተኩሶ ያልቃልና ደግሞ መገዛት አለበት። በሚገዛበት ጊዜ ሁሉ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ቁጥጥር ቦታ ሊኖረው የሚችለው በዚህ መገናኛ ላይ ነው።

አገራችን ይህን ከሌሎች በፊት የተማረችው በመከራ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአንዳንድ አውራጃዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የገበያ መለወጫ ሆኖ ያገለግል ነበር። ማሪያ ትሬዛ ብር ለትልቁ ዋጋ፣ ጥይት ለዝርዝሩ ማለት ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገደቡ። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ ስለ መሣሪያ ንግድም አብረው ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ስለ መሣሪያ ንግድ ግዴታ እንድትቀበል ተደረገች። በ1922 ዓ.ም. ከሦስቱ መንግሥታት ጋር ልዩ ውል ፈረመች።

የውሉ ፍሬ ምን ሆነ? በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አይሸጥ ብለው አገዱ። ቃሉ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ኢጣሊያ ጥይቱን በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ትገዛለች። እኩል የተባለው እገዳ አንዱን ብቻ መታ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራም የጅባትና የሜጫ አርበኞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አርበኞች ሁሉ፣ ከጠላት በማረኩት ጥይት ነበር የሚዋጉት።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጥይትን መንገድ የያዘ የጠመንጃውን ኃይል ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጥይት የሚሠራው ወገን ራሱ ሳይቆጠር የሚገዛው ወገን ብቻ የሚቆጠርበት ሕግ፣ ስሙ ሕግ ቢሆንም፣ ሚዛኑ ያዘነበለ ነው። ይህን በዤኔቭ ላይ የምናወግዝ ሁሉ በቤታችንም ልናየው ይገባል።

አሁን ወደ ሕጋችን እንመለስ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ መሣሪያንና ጥይትን መሥራት፣ ማዘዋወርና መሸጥ ወንጀል ነው ብሎ ደነገገ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በመኪና ተደብቀው ሲገቡ መያዛቸውን በዜና ደጋግመን ሰማን። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ኢትዮጵያ ከዚያ ቀደም በ1996 ዓ.ም. በናይሮቢ ስለ ቀላል መሣሪያዎች የተደረገውን ፕሮቶኮል ከጎረቤቶቿ ጋር ፈርማ ነበር።

እንግዲህ አዋጅ አልጎደለንም። የጎደለው መዝገብ ነው። በጊንጪ፣ በጉደር፣ በባኮ ገበያ ዳር በፍሬ የሚሸጠው ጥይት ከሰማይ አልወረደም። ከድንበር ማዶ የገባ አለ፤ ከተሸነፈ ወይም ከተበተነ ሠራዊት የቀረ አለ፤ ለሚሊሻ ወይም ለፖሊስ ተሰጥቶ በጓሮ በር የወጣም እንዳለ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይናገራል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ በእርግጥ ሊነግረን የሚችለው መዝገብ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? የደቡብ አፍሪካ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ አንድ ባለ ፈቃድ ለአንድ መሣሪያ ከ200 ጥይት በላይ እንዳይዝ ይወስናል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 የሽጉጥ ጥይት ገዢ ሁሉ የጣት አሻራውን እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሲል እ.ኤ.አ. በ2011 ዳኛ ሻረው። ምክንያቱም «የሽጉጥ ጥይት» የተባለው የትኛው እንደሆነ ሕጉ በግልጽ አልለየም፤ አንዱ ጥይት ከሽጉጥም ከረጅም መሣሪያም ይተኮሳልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ጥይት ሁሉ በገዢው ማንነት ምርመራ እንዲሸጥ ወሰነ፤ ምርመራውም እ.ኤ.አ. በ2019 ጀመረ፤ ሆኖም እንደገና በፍርድ ቤት አከራከረ። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፤ ሕግ ሲጻፍ ጥይቱ በልኩ ይጠራ። የማካሮቭ ጥይትና የቱርኩ ሽጉጥ ጥይት ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊሜትር ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የምንለው ግን የብራዚልን ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ለመንግሥት ኃይሎች የሚሸጥ ጥይት ቀለሁ ላይ የምድብ ቁጥር እንዲታተምበት ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ማሪየሊ ፍራንኮ የተባለች የሪዮ ዴ ጃኔሮ የከተማ ምክር ቤት አባል ከሾፌርዋ ጋር በጥይት ተገደለች። ከመንገድ የተለቀመው ቀለህ በተነበበ ጊዜ ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፌዴራል ፖሊስ ከተሸጠው ምድብ መሆኑ ታወቀ። ቁጥሩ ገዳዩን በስሙ አልጠራም፤ ነገር ግን ጥይቱ ከማን ቤት እንደወጣ ተናገረ፤ አገሩም ይህን ካወቀ በኋላ ዝም ሊል አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት የቀድሞ ፖሊሶች በግድያው ተፈረደባቸው።

ጓደኞቻችን፤ ይህን ስንናገር በዚህ አዳራሽ ያለን ሁሉ ልባችን ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ ሰልፍ ከወጡት መካከል ተማሪዎች በጥይት ሞተዋል። ያን ጊዜ ከመንገድ የተለቀመ ቀለህ በየትኛው መዝገብ ይነበባል? ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በምዕራብ ሸዋና በወለጋ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል በሚደረገው ግጭት ገበሬው ከሁለት ተኩስ መካከል ገብቶ ኖሯል። የሞተውን ሰው የሚያለቅሱለት ቤተሰቦች ጥይቱ የማን ነበር ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። ርእሱ የተማሪም ጉዳይ ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። «መንግሥት በማይደርስበት ቀበሌ ማን ይጠብቀኛል?» የሚለው የገበሬው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ልንንቀው አይገባም። ለእርሱ የምንመልሰው፣ ጎረቤትህም ይህንኑ እያለ ስድስት ፍሬ ገዝቷል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጥበቃ ሳይሰጡ ጥይት መንጠቅ በደል እንደሆነ እናምናለን። «ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ጨለማ ገበያው ይደራል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ዋጋው ይወደዳል። ነገር ግን ጥይት ሲወደድ ለንዴት የሚገዛው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። አጎት ጊደር ባይኖራቸው ኖሮ ስድስቱን ፍሬ ባልገዙም ነበር።

ስለዚህ ለውይይት የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ጥይት የሚሸጠው ፈቃድና መዝገብ ባለው ሰው ብቻ ይሁን፤ ገዢውም የሽጉጡን ፈቃድ ያሳይ፤ የሚሸጥለትም ለዚያው ሽጉጥ ልክ የሆነው ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ባለ ፈቃድ ሊይዘው የሚችለው የጥይት ብዛት ይወሰን፤ አዲስ ሲገዛም የተኮሰውን ቀለህ ይመልስ፤ የት እንደተኮሰው ይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ከፋብሪካ ለሠራዊት፣ ለፖሊስና ለሚሊሻ የሚወጣ ጥይት ሁሉ በምድብ ቁጥር ይታተም፤ የጎደለውም በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌው ይነገር። ከሦስቱ ይህ ካልተፈጸመ የፊተኞቹን ሁለቱን ሕዝቡ ባይቀበላቸው አንፈርድበትም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ጥይት ከተሠራበት እስከሚያልቅበት ድረስ እንዲጠበቅ ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ተቀብሏል። ስለዚህ የጠየቅነው ነገር ለአገራችን ብቻ የተፈጠረ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። መንግሥትን ብቻ ወቅሰን ብንወርድ ግማሹን እውነት ትተናል። በሰርግ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ሲተኮስ እልል የምንለው እኛ ነን። በቀብር ላይ ተኩስ ሲበዛ «የትልቅ ሰው ቀብር» የምንለው እኛ ነን። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ቢያንስ በእኅታችንና በወንድማችን ሰርግ ላይ እንዳይተኮስ አባቶቻችንን መለመን እንችላለን። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም።

የምንናገረው ይህን ያህል ነው። በሐሳባችን የማትስማሙ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ በተለይም ከገጠር የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ጥበቃ የምትሉት ይኖራል። ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ እኛም ለመስማት ተቀምጠናል።