ጨፌና ማሳለጫ

የዛሬው ርዕስ ጨፌ ነው።

ጨፌ ረግረግ መሬት ነው፤ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማ የሚታጨድበት። ለምሳሌ ከጮቄ ተራራ አንስቶ እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ይገኛል። ሥራው የጎተራ ነው። ጎተራ በመኸር ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ይጎድላል። ጨፌ ግን በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ደግሞ ቀስ እያለ ለምንጩና እንደ ጨሞጋ ላሉ ወንዞች ያካፍላል።

ታዲያ መንገድ ሲመጣስ? በተለይ ማሳለጫ፣ ማለትም መንገዶች አንዱ ከሌላው በላይ የሚተላለፉበት ግንባታ፣ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። የአዲስ አበባውን የጎተራ ማሳለጫ ያየ ሰው ስፋቱን ያውቀዋል። ጨፌ ደግሞ ለጥ ያለ፣ ቤት ያልተሠራበት ነውና ለቀያሽ ዓይን ባዶ መሬት ይመስላል። አፈር ተሞልቶ ሲደለደል ግን ውሃው ይታገዳል። ከመንገዱ በላይ ያለው ማሳ ይጥለቀለቃል፤ በታች ያለው ምንጭ ይነጥፋል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ከግንባታው እንዲቀድም የሚያዘው ለዚህ ነው። ቀዳሚው አማራጭ መስመሩን ወደ ደረቁ ጉብታ ማዞር ነው። ካልሆነም ውሃው በብዙ ቱቦ ተከፋፍሎ ይለፍ። በአንድ ቱቦ ብቻ ካለፈ ጉልበት ያገኛል፤ ጨፌውንም ቦርቡሮ ቦይ ያደርገዋል።